ከሥዕሉ ጎን ግጥምና ሂስ ይኑር

ሰላም ቤተሰብ፣

የአራት ኪሎው የግድግዳ ሥዕላችን እያለቀ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ሰው ቆም ብሎ "ያምራል" ብቻ ብሎ ሲያልፍ ያንገበግበኛል። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት አስቡት። ሦስቱ ክፍሎች ያለፈውን፣ የአሁኑንና የወደፊቱን አፍሪካ እንደሚያሳዩ ቀድሞ የሰማ ሰው በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

እኛም ከሥዕሉ ጎን አምስት መስመር ሂስና አንድ አጭር ግጥም እንለጥፍ። ሂሱ ውዳሴ እንዳይሆን አደራ! የሴትዮዋ እጅ ለምን ከጀበናው ገዝፎ እንደተሳለ፣ ሰማያዊው የት ጋ እንደከበደ በግልጽ ይናገር። ግጥሙን የሰፈሩ ልጆችና ሊስትሮዎቹም ይሞክሩት፤ ሰምና ወርቅ የሚፈታ አላፊ አግዳሚ መቼም አይጠፋም። ፊደሉ ጎላ ይበል፣ ሕፃን በሚደርስበት ቁመት ይለጠፍ። ረቂቅ ያላችሁ እስከ ዓርብ ላኩልኝ።