ወደ ድሮ የሚኬድበት ታሪክ ለጀሞ ልጆችም ይጻፍ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ሁለት ኮንዶሚኒየም አጠገብ ያገለገሉ መጻሕፍት እሸጣለሁ፣ አከራያለሁም። የምጽፍልዎ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ጋዜጣችሁ ለልጆች በተከታታይ የሚወጣ፣ ምትሃትና የጊዜ ጉዞ ያለበት የጀብዱ ታሪክ በአማርኛ ያስጽፍልን። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ታሪኩም እዚሁ ከከተማው ዳር፣ ልጆቹ በሚያውቁት ደረጃና በሚሳፈሩበት ታክሲ ይጀምር።

መጽሐፍ ወደኔ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። ከለገሃርና ከብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ነጋዴዎች እገዛለሁ፤ የተረፈውን ቆራሌው በማዳበሪያ ሞልቶ በኪሎ ያመጣልኛል። የፈተና መለማመጃና ዲክሽነሪ ወዲያው ገዢ ያገኛል። የእንግሊዝኛ የልጆች ልብ ወለድ ግን ቀድሞ የቆሎ መጠቅለያ ነበር ዕጣው። አሁን ከትምህርት ቤት መልስ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ የሚመጡት ልጆች በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ሆኗል። "ጋሼ፣ ወደ ድሮ የሚሄዱበት አለ?" ይሉኛል። የመጽሐፉንም የደራሲውንም ስም አያውቁም፤ እነሱ የሚፈልጉት ወደ ድሮ የሚኬድበትን ነው።

ከነዚህ ልጆች መካከል አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አለች። የተከራየችው መጽሐፍ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የፊት ገጾቹን ውሃ የነካቸው ነው። ፊሊፓ ፒርስ የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ታሪክ ነው። ወንድሙን ኩፍኝ ስለያዘው አክስቱ ቤት የተላከ ልጅ አለ። ሌሊት የቤቱ ትልቅ ሰዓት አሥራ ሦስት ጊዜ ሲደውል የጓሮውን በር ይከፍትና ቀን ያልነበረ የአትክልት ስፍራ ያገኛል። እንግሊዝኛው ለአምስተኛ ክፍል ይከብዳል። ልጅቷ ግን ያልገባትን ቃል በእርሳስ አስምራ ትመጣለች፤ የማውቀውን እነግራታለሁ፣ የማላውቀውን ዲክሽነሪ ገልጠን አብረን እንፈልጋለን። ከዚያ ሄዳ ለሌሎቹ በአማርኛ ትተርከዋለች።

የምትተርከው ደግሞ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ነው። ቧንቧው ከሱቄ ፊት ለፊት ስለሆነ እሰማታለሁ። ባዶ ጀሪካን ላይ ትቀመጣለች፤ ሌሎቹ ይከቧታል፤ ወረፋው የደረሰው ልጅ "እኔ ሳልመጣ እንዳትቀጥይ!" እያለ ነው የሚነሳው። አንድ ቀን ሰዓቱ አሥራ ሦስት ጊዜ ደወለ ስትላቸው አንዱ ልጅ "አሥራ ሦስት ሰዓት የሚባል ነገር የለም" ብሎ ተነሳባት። "አሥራ ሦስተኛ ወር አለን አይደል? ሰዓቱስ ለምን አይኖርም?" አለችው። በዚሁ ወሬው ወደ ጳጉሜን ዞረ። እኛ ጋ ቢሆን በሩ የሚከፈተው ጳጉሜን ሙሉ ነው ወይስ አንድ ቀን ብቻ? ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ጳጉሜን ስድስት ብቻ መሆን አለበት ብሎ ፈረደ። ለምን ሲሉት፣ "እሷ በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው፤ ገብቶ ያረፈደ ሰው አራት ዓመት እዚያው ይቀራል" አላቸው። ከዚያማ ለእናቱ ማን ይነግራታል፣ ሲመለስስ ስንተኛ ክፍል ይገባል እያሉ ጀሪካኑ ሞልቶ እስኪፈስ ተከራከሩ።

አዘጋጁ ሆይ፣ ያ ትንሽ ልጅ ያደረገውን ልብ ይበሉልኝ። የዚህ ዓይነት ታሪክ ከባዱ ሥራ ለምትሃቱ ሕግ ማውጣት ነው። ማን ይገባል፣ መቼ ይመለሳል፣ ምን ያስከፍለዋል? ሕግ የሌለው ምትሃት ልጅን ቶሎ ይሰለቸዋል፤ ጀግናው ሁሉን ማድረግ ከቻለ የሚያስፈራም የሚያጓጓም ነገር አይኖርም። ኢዲት ኔስቢት በ1906 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የለንደን ልጆች በአንድ ክታብ እየታገዙ ጥንታዊት ግብፅና ባቢሎን ይገባሉ። የእሷ ሕግ፣ እዚያ የፈለጉትን ያህል ቢቆዩ ሲመለሱ ቤታቸው ጊዜው አያልፍባቸውም የሚል ነው። የፒርስ ሕግ ከዚህ ይለያል። ልጁ በየሌሊቱ ሲሄድ እዚያ የምታጫውተው ጓደኛው በእሱ ጥቂት ሌሊቶች ውስጥ ታድጋለች። በመጨረሻም ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው አሮጊት የቤት አከራይ ራሷ ያቺ ጓደኛው ሆና ትገኛለች። እንግሊዞች ለልጆቻቸው ይህን መጻፍ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በአማርኛ ግን መደርደሪያዬን ብገለባብጥ ለሚጠይቁኝ ልጆች የምሰጠው አላገኘሁም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በቅርቡ የአንዷ ልጅ አባት የተከራየችውን መጽሐፍ ይዘው መጡ። "ወንድሜ፣ ልጄ አስማት እንድትማር አልፈልግም፤ የጥንቆላ በር ነው" አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ጨንቋቸው ነው። እኔም ስጋታቸውን አልናቅሁትም። በሽተኛ ይዞ በየጠንቋዩ ደጅ የሚንከራተት፣ ያለውን ከብት ሸጦ ለአታላይ የሚያስረክብ ሰው ከየዘመዳችን አይተናል። ልጁን ከዚህ የሚጠብቅ አባት ይመስገን።

እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆኑ የአቤሜሌክን ታሪክ አነሳሁላቸው። ነቢዩ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊ አቤሜሌክ፣ በተረፈ ባሮክ እንደተጻፈው፣ በለስ ለቅሞ ሲመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ልረፍ ብሎ ተኛ። ሲነቃ ስድሳ ስድስት ዓመት አልፏል። ኢየሩሳሌም ጠፍታለች፣ የሚያውቀው ሰው የለም፤ በእንቅቡ ያለው በለስ ግን ገና አሁን የተቀጠፈ ይመስል ትኩስ ነው። ውሃ ወረፋ ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ ደግሞ ከመድረሳ ሲመለስ ስለ ዋሻው ወጣቶች ይነግራቸዋል። በሱረቱል ከህፍ እንዳለው ከውሻቸው ጋር ሦስት መቶ ዓመት፣ ዘጠኝም ተጨምሮበት ተኝተው የነቁት ናቸው። የእምነት ታሪክን ከልብ ወለድ ጋር አንድ ነው አልልም፤ ክብሩ ለየቅል ነው። ግን ልጆቻችን በሌላ ዘመን የመንቃትን ነገር ከእንግሊዝ መጽሐፍ አልተማሩትም፤ ከሁለቱም ወገን ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው። ተረቱም አለ። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ብሎ የመለሰ ልጅ አሁን ወደ ተረት እየገባ መሆኑን ያውቃል። "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ሲባልም መውጣቱን ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ምትሃት ያለበት መጽሐፍ ስላነበበ ጠንቋይ አይከተልም።

አባትየው ሰሙኝ። "እንግዲያው እኔ ራሴ አስቀድሜ ላንብበው" ብለው ቁጭ አሉ። የመጀመሪያውን ገጽ ጣታቸውን እያስኬዱ ጥቂት ከሞከሩ በኋላ መጽሐፉን ዘጉት። "አማርኛ ቢሆን ኖሮ እኮ ማታ ማታ አብረን እናነበው ነበር" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ደብዳቤ ሳስበው ነበር። ልጃቸው ምን እንደምታነብ ማወቅ የሚፈልጉ አባት ሊያነቡት አይችሉም። ከመፍራትና ከመከልከል ሌላ ምርጫ ያሳጣቸው ይኸው ነው። በአማርኛ የተጻፈ ቢኖር አባትና ልጅ አንድ ገጽ ላይ ሆነው ይከራከሩበት ነበር።

የት ይጻፍ ከተባለ፣ ከኛ ሰፈር በአለም ገና አድርገው የቡታጅራን መንገድ ቢይዙ ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ መልካ ቁንጥሬ አለ። አዋሽ ዳር ነው። በሐምሌ 2016 ባልጪት ከሚባለው ሥፍራ ጋር ሆኖ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የጥንት ሰዎች ለመሣሪያ የጠረቡት ባልጪት፣ ማለትም ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ እዚያ አለ። በጎጆ መልክ በተሠራው ሙዚየም ልጆችዎን ይዘው ቢገቡ ያዩታል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነው። ጎምቦሬ በሚባለው ሥፍራ ተመራማሪዎች ሰባት መቶ ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የእግር ዱካ አግኝተዋል። ከዱካዎቹ ውስጥ የሕፃናት አሉበት፤ ገና አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሆነውም ጭምር። አዋቂዎቹ የጉማሬ ሥጋ ሲበልቱ፣ ድንጋይ ሲጠርቡ፣ ሕፃኑ አጠገባቸው ጭቃ ላይ ይሄድ ነበር። አሁን የጀሞ ልጅ ከአለም ገና ታክሲ ወርዶ እግሩን ከዚያች ትንሽ ዱካ አጠገብ ሲያሳርፍ ያስቡት። ጳጉሜን ስድስት ቢሆን፣ ጊዜውም መሽቶ ቢሆን፣ ታሪኩ ከዚህ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ልጆቹ ለደራሲው ይነግሩታል። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ቁጥሩን ይነግራቸዋል፤ ያ ሕፃን ቢያለቅስ ማን ያባብለው ነበር የሚለውን የሚጠይቃቸው ግን ታሪክ ነው።

እንደዚያ ሩቅ መሄድም ላያስፈልግ ይችላል። የጀሞ ሕንፃዎች ከመቆማቸው በፊት ይህ መሬት እርሻ ነበር። አሁን ፓርኪንግ በሆነው ቦታ ላይ ጤፍ ሲወቃ፣ ከብት ሲጠበቅ ያዩ ሰዎች ዛሬም በዙሪያችን አሉ። እዚሁ ያደጉ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ የመንደሩን የድሮ ስም፣ የወንዙን መሻገሪያ በኦሮምኛ ይነግሩናል። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ልጅ በሩን ከፍቶ ቢወጣና ደረጃው በነበረበት ከብት የሚጠብቅ እኩያውን ቢያገኝ፣ ምን ይባባላሉ? በምን ቋንቋ? ያ እኩያውስ ዛሬ ስንት ዓመቱ ነው፣ የትኛውን በር ሲያንኳኳ ያገኘዋል? እኔ ደራሲ አይደለሁም። ግን ልጆቹ ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ ሲደርሱ ወረፋቸውን ለሌላ እንደሚለቁ ዓይኔ አይቷል።

ጥቂት ነገር ደግሞ ለሚጽፈው ሰው አደራ እላለሁ። ምክር አይብዛበት። ልጆች ታሪክ ውስጥ የተደበቀ ምክር ገና ከሩቅ ይሸታቸዋል፤ ገጹን ጥለው ይሄዳሉ። ሴቷ ልጅ ውሃ እየቀዳች የምትጠብቅ አትሁን፤ እሷም በሩን ትለፍ። ትርጉም ባይሆን ይሻላል፤ የትርጉሙን ሥራ ልጆቹ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው እየሠሩት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ልጆቹን በሚያጓጓ ቦታ ላይ ይቁም፤ ሳምንቱን ሙሉ ይከራከሩበት። ሥዕልም ይኑረው። ለደራሲውና ለሠዓሊው ደግሞ ተገቢው ይከፈል፤ የልጆች ነውና በነጻ ይጻፍ የሚለውን አልቀበልም። እንዲያውም ለልጅ መጻፍ ከሁሉ ይከብዳል።

ታሪኩ ከጀመረ ገጹን በየሳምንቱ የሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ መግዣ የሌለው ልጅ ቆሞ ያነበዋል። ያለፉትንም ቁጥሮች ጠርዤ አስቀምጣለሁ፤ ያመለጠው ያለ ኪራይ ይውሰድ። ለአባትየውም የመጀመሪያውን ክፍል ራሴ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ። ደራሲ ተገኝቶ ልጆቹን ማነጋገር የሚፈልግ ከሆነ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ በሬ ላይ ያገኛቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ያገለገሉ መጻሕፍት ሻጭ፣ ከጀሞ ሁለት