የእንጨት ሥራ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የአሮጌው ኮምቢ ወጥ ቤት

በ2017 የትምህርት ዘመን የእንጨት ሥራ ክበባችን እንደ ወትሮው ወንበርና የመጽሐፍ መደርደሪያ አልሠራም። ዓመቱን ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የተሰበሰብነው ከወርክሾፑ ጀርባ በቆመ አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ ዙሪያ ነበር። መኪናው የአንድ ወላጅ ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያና ቁም ሳጥን ያለው፣ ሰው እያደረበት አገር ለአገር የሚዞርበት ዓይነት ነው። ወላጁ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ለመስክ ጉዞ እንዲገለገልበት ፈቀዱ። በስምምነታችን መሠረት ቁሳቁሱን እሳቸው ሊችሉ፣ የፈራረሰውን የወጥ ቤት ቁም ሳጥን እኛ እንደ አዲስ ልንሠራ ሆነ። ስለ ሞተሩ አልተጨነቅንም፤ አዲስ አበባ የቮልስ ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ አጥታ አታውቅም። የመኪና ውስጥ የእንጨት ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም። ዘገባውን ረዘም ያደረግሁትም ተማሪዎቹ የደረሱበት ነገር ተጽፎ እንዲቆይ ስለምፈልግ ነው።

ስለ መኪናው ጥቂት ልበል፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቤን ፖን የተባለ ሆላንዳዊ የመኪና አስመጪ በ1947 ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የነደፈው ንድፍ ለኮምቢ መነሻ ሆነ፤ ፋብሪካው ማምረት የጀመረው በ1950 ነው። ዌስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት በ1951 የኮምቢን ውስጥ ወደ ማደሪያነት መለወጥ ጀመረ። የእኛው ከ1967 ወዲህ የመጣው፣ የፊት መስታወቱ ወጥ የሆነው ሁለተኛው ትውልድ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ 1600 ሲሲ፣ 50 የፈረስ ጉልበት። ይህችን 50 ቁጥር ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ጽፈዋት እስከ ሰኔ አላጠፏትም።

የድሮው ቁም ሳጥን ላዩ ፎርማይካ የተለበጠ ቺፕውድ ነበር። ቺፕውድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተለውሶ በሙቀትና በግፊት የተጠፈጠፈ ነው። ደረቅ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ውኃ ከጠጣ ግን ያብጣል፣ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው የጎን ሰሌዳ አብጦ ፎርማይካውን ገንጥሎት ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ማጠፊያውን ለመፍታት ካቻቪቴዋን ስታስጠጋ ቪቴው ሳይዞር ከነዙሪያው ፍርፋሪ እጇ ላይ ወደቀ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ቀኑን ሙሉ በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ ቪቴ የሚይዘው እንጨት ሲላላ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር መንቋቋት ይጀምራል።

ስንፈታ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ምንም ነገር አይጣልም። እያንዳንዱ ሰሌዳ በጠመኔ ቁጥር ተጻፈበት፣ ፎቶ ተነሳ፣ ቪቴዎቹ በየፌስታሉ ቁጥራቸውን ይዘው ተቀመጡ። የበሰበሰ ሰሌዳ እንኳ የጎማው ቤት የት ጋ እንደሚገፋው፣ የውኃው ቱቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሳያል፤ በእጃችን ከገባው ሥዕል ሁሉ የሚታመነው እሱ ነበር። ቁም ሳጥኑ ሲነሳ የወለሉ ላሜራ ዝጎ አገኘነው። በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀባ።

እንጨት ስንመርጥ ብዙዎቹ ኤምዲኤፍ (ከላመ የእንጨት ጭረት በሙጫ የተጠፈጠፈ ሰሌዳ) ይሁን ብለው ነበር፤ ለስላሳ ነው፣ ቀለምም ያምርበታል። ከመግዛታችን በፊት ሒሳቡን እንዲሠሩ ሰጠኋቸው። 244 በ122 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ በሜትር ኩብ 750 ኪሎ ያህል ከመዘነ፣ አንዱ ሉሕ 40 ኪሎ ይሆናል። ባለ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ በሜትር ኩብ 550 ኪሎ ብንይዘው፣ ከ20 ኪሎ አይበልጥም። ሁለት ሉሕ ስንጠቀም 40 ኪሎ እናተርፋለን ማለት ነው። አንዱ ልጅ ሰሌዳው ላይ ያለችውን 50 ቁጥር እያሳየ «ቲቸር፣ እንጦጦን የሚወጣው ይህ ነው እኮ!» አለ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ኮምፔንሳቶ ስስ ንጣፎቹ አንዱ በቁመት አንዱ በአግድም ተደራርበው ስለሚጣበቁ በክረምት ብዙ አያብጥም፣ በበጋም ብዙ አይሸሽም። የሙጫው ጥራት ግን ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። ስለዚህ ከየሱቁ ቁርጥራጭ ለምነን በድስት ቀቀልናቸው። አንዳንዱ ከፈላ በኋላ ንጣፍ በንጣፍ ተላቀቀ። ሳይላቀቅ የቀረውን ገዛን። ይህችን ሙከራ ቤቱ ቁም ሳጥን ለሚያሠራ ወላጅ ሁሉ እመክራለሁ፤ ከከሰል ወይም ከጋዝ በቀር ወጪ የላትም።

ከሥራው ሁሉ ተማሪዎቹን የለወጣቸው ልኬቱ ነው። የቤት ቁም ሳጥን የሚሠራ አናጺ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ የተስተካከለ ነው ብሎ ይነሳል፤ ባይሆንም ውኃ ልክ አስቀምጦ ያቃናዋል። መኪና ውስጥ ውኃ ልክ የሚነግራችሁ መኪናው የቆመበትን መሬት ነው። አንድ ጎማ ቢተነፍስ መልሱ ይለወጣል። ስለዚህ ውኃ ልኩን ወደ መሳቢያው መለስነው፤ መነሻችንን ከመኪናው ወለልና ከመስኮቱ የታች ጠርዝ እየወሰድን በስኳድራ ሠራን።

የመኪናው ጎን ደግሞ ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ በሜትር የሚያዝ ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ዘዴው በካርቶን ነው። ጠንካራ ካርቶን ሰሌዳው በሚቆምበት ቦታ ላይ ከላሜራው ጎን ይቆምና እንዳይነቃነቅ ይታሰራል። በጂኦሜትሪ ክፍለ ጊዜ የምንይዘው ኮምፓስ በካርቶኑና በላሜራው መካከል ካለው ሰፊ ክፍተት ጥቂት አለፍ ብሎ ይከፈታል። የብረት ጫፉ ላሜራውን እየታከከ ከላይ ወደ ታች ሲጎተት፣ እርሳሱ የግድግዳውን ጉብጠት እንዳለ ካርቶኑ ላይ ያወርደዋል። ኮምፓሱ ከላይ እስከ ታች አግድም መያዝ አለበት፤ ካዘነበለ መስመሩ ይስታል። ካርቶኑ ተቆርጦ ይገባል፣ ይታያል፣ ይታረማል፤ እንጨቱ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ በኩል ብዙ የረዱን ተማሪዎቹ ጋሼ የሚሏቸው የሰፈራችን አንጋፋ አናጺ ናቸው። አንዷ መጋዟን ልታሳርፍ ስትል «ልጄ፣ አትቸኩዪ፤ እስኪ ካርቶኑን አንድ ጊዜ መልሰሽ አስገቢው» ብለው ሲያስቆሟት አጠገቧ ነበርኩ። መልሳ አስገባችው፤ ከመስኮቱ በታች ያለችውን ትንሽ ስብራት ያገኘችው ያን ጊዜ ነው። ሰሌዳው ሲገባ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነች የሦስት ሚሊ ክፍተት ብቻ ቀረች። ክፍተቷ ሆን ተብላ የተተወች ናት፤ እንጨት ላሜራ ላይ ተጣብቆ ከተገጠመ ሲጮህ ይውላል፣ ቀለሙንም ይልጣል። በስስ ጎማ ሞላናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የእጅ ሥራ በትምህርት ደከም ላለ ልጅ የሚተው ነው የሚል አስተሳሰብ እስካሁን በወላጆች ስብሰባ ላይ ይሰማል። የጂኦሜትሪ ፈተና ላይ ኮምፓስ ይዘው የሚጨነቁ ልጆች በዚያው ኮምፓስ የመኪና ጎን ሲያነሱ አይቻለሁ። በሒሳብ አንደኛ የሚወጡትም ካርቶኑ አልገጥም ሲላቸው ከእነዚያ ልጆች ጠይቀው ተምረዋል። ለክበቡ በሳምንት የተሰጠው አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሁሉ ያንሳል፤ ሁለት እንዲሆን ለርዕሰ መምህሩ አመልክቻለሁ።

መጋጠሚያዎቹን በቪቴ ላይ አልጣልናቸውም። መደርደሪያ የሚያርፍበት ሰሌዳ ላይ አራት ሚሊ የጠለቀ ቦይ ተቆፈረ፤ መደርደሪያው በኮላ ተለቅልቆ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ኮላው እስኪደርቅ በሞርሳ ተያዘ። ንቅናቄው ሲመጣ ቪቴ በአንዲት ነጥብ ይሸከመዋል፤ ቦይ ግን በሙሉ ርዝመቱ። ቁም ሳጥኑን ከመኪናው ጋር ያሰርነው ፋብሪካው በተዋቸው ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች ብቻ ነው፤ በብሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በጎማ። የመኪና ቆዳ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ለዝገት በር መክፈት ነው።

የኮምፔንሳቶው ጠርዝ ውኃ የሚገባበት ደካማ ጎኑ ስለሆነ በዋንዛ ቅዳጅ ሸፈንነው። ዋንዛው ከተሰበረ የድሮ የትምህርት ቤት ቁም ሳጥን የወጣ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው፤ የተቀሩት ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ናቸው። የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ለሚሄድበት መኪና አዲስ ዋንዛ ማስቆረጥ የማይታሰብ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ቫርኒሽ ሲነካው የወጣው ቀለም ግን የትኛውም አዲስ ፎርማይካ የማይሰጠው ነው።

የጀርመኖቹ ንድፍ ለሳህንና ለብርጭቆ ቦታ አለው፤ ጀበና የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ታችዋ ድቡልቡል ስለሆነ ጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ በመጀመሪያው ኩርባ ትንከባለላለች። ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆች መደርደሪያው ላይ በማቶት ልክ ክብ ቀዳዳ አውጥተው ጠርዙን በጎማ ለበጡት። ጀበናዋ ወገቧ ድረስ ገብታ ትቀመጣለች፤ አንገቷን የምትይዝ ቀጭን የቆዳ ማሰሪያም አላት። ለሲኒዎቹ ከጎን ጠባብ ሳጥን ተሠራ፤ በየመካከላቸው ስስ ጨርቅ አለ። ከፋብሪካው ሥራ የሚበልጥ ሐሳብ ነው፤ ይህን ስል ተማሪዎቼ ስለሆኑ አይደለም።

የጋዙን መስመር ተማሪዎቹም እኔም አልነካነውም፤ ባለሙያ ገጠመው። ምክንያቱን ግን ሁሉም እንዲያውቅ አድርጌያለሁ። የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ እዚያም ይጠራቀማል። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበትን ሳጥን ከመኪናው ውስጥ ለይተን ደፈንነው፤ ከሥሩ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ ተውንለት። ያን ቀዳዳ ማንም በጨርቅ እንዳይደፍነው። የመስመሩ መፍሰስ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት በፍጹም አይሆንም። ከሰልም መኪናው ውስጥ አይገባም፤ ቡናው በጋዙ ላይ፣ በሩ ተከፍቶ ይፈላል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል የሚያደርሰውን ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ውኃው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ሲሞላ 20 ኪሎ ስለሚሆን ከማጠቢያው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ተቀመጠ።

በግንቦት መኪናውን ሹፌሩና እኔ ይዘን እንጦጦን አልፈን ወደ ሱሉልታ ወጣን፤ መሳቢያዎቹ በድስትና በሳህን ተሞልተው። ቦዮቹ አልነቃነቁም፣ ጀበናዋም ከቦታዋ አልተነሳችም። የበሮቹ ማግኔት ግን ኮረኮንቹን አልቻለም፤ አንዱ በር ተከፍቶ ክዳኖቹን በሙሉ ወለሉ ላይ ዘረገፋቸው። በሚቀጥለው ረቡዕ ማግኔቶቹ ተነቅለው በትናንሽ መወርወሪያ ተተኩ፤ እያንዳንዱ መደርደሪያም ሁለት ሳንቲሜትር ከፍ ያለ የዋንዛ ከንፈር ተጨመረለት።

ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ አለ። የሚታጠፈው ጠረጴዛ እግር ቀርቷል፤ የማጠቢያው ዙሪያ ፎርማይካ በማስቲሽ የሚለጠፈውም ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ሽታው ከባድ ስለሆነ በሩንና መስኮቶቹን ከፍተን መሥራት አለብን። በመስከረም የሚመዘገቡ አዲስ አባላት የሚጀምሩት ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ነው። የ12ኛ ክፍል ተመራቂዎቻችን ካርቶኖቹን ሁሉ ቁጥር ጽፈውባቸው ወርክሾፑ ውስጥ ሰቅለዋቸዋል፤ ኮምፓሱም አብሮ አለ። ቤታችሁ የተረፈ የሶፋ ስፖንጅ ወይም ጠንካራ ጨርቅ ካለ ለአልጋው እንፈልገዋለን፤ ለወርክሾፑ ኃላፊ ማስረከብ ትችላላችሁ።