ዋልያን ከመቁጠር ባሻገር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የምታወጡትን ዜና ሳላነብ አላልፍም። ደባርቅ አካባቢ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ ነገሩ ሥራዬም ሰፈሬም ነው። ዜናው ግን ሁሌ አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፦ ዋልያ ስንት ቀረ? ጨመረ ከተባለ እፎይ እንላለን። ቀነሰ ከተባለ ትንሽ እንጮህና እንረሳዋለን።

ቆጠራው ይቅር እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ቆጠራ የሚነግረን ከረፈደ በኋላ ነው። እንስሳው ይረበሻል፣ ከሳሩ ይባረራል፣ ግልገል ማሳደግ ያቅተዋል። ቁጥሩ የሚወርደው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ፍንጭ ሊሰጠን የሚችል ነገር አለ፤ በጠጡ።

አትሳቁ። እንስሳ ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ ኩላሊቱ ራስ ላይ ያለችው እጢ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች። ጉበት ይሰባብረውና ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ስብርባሪው ከበጠጥ ጋር ይወጣል። በሚያመሰኩ እንስሳት ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የተነሳ በጠጥ የሚናገረው ስለ ትናንት ውሎ ነው።

ደም መቅዳት አይሻልም ወይ የሚል አይጠፋም። ለዚያ ዋልያውን መጀመሪያ በማደንዘዣ መምታት ያስፈልጋል። ገደል አፋፍ ላይ የቆመን እንስሳ ማደንዘዝ ምን ሊያስከትል እንደሚችል እናንተው ገምቱት። ቢሳካ እንኳ ማሳደዱ ራሱ በደቂቃዎች ውስጥ ኮርቲሶሉን ያንረዋል። ሐኪም ፊት ሲቀመጥ የደም ግፊቱ እንደሚወጣ ሰው በሉት። የለካነው እኛ ያመጣነውን ረብሻ ይሆናል።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም። እዚሁ ፓርክ ውስጥ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሠረቱት ቡድን ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጭላዳዎችን ሲከታተል ቆይቷል። ጭላዳ የዝንጀሮ ዘመድ ይሁን እንጂ ኑሮው ሳር መጋጥ ነው። በእግር እየተከተሉ ዓይነ ምድሩን ይሰበስባሉ፣ ሆርሞኑን ይለካሉ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ውጤት እስካሁን ይገርመኛል። አዲስ ወንድ ነባሩን አባርሮ ቤተሰቡን ሲወርስ፣ እርጉዝ ከነበሩት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ ጽንሱ ይቋረጥባቸዋል። ይህ የታወቀው ጠብታ ደም ሳይቀዳ፣ በዓይነ ምድሩ ውስጥ ያለው የኤስትሮጅን መጠን ሲወርድ በማየት ነው። ያ የእርግዝና ሆርሞን ነው፤ የጭንቀቱም በዚሁ መንገድ ይለካል። ለጭላዳ የተቻለው ለዋልያ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋልያና ፍየል አንድ ግጦሽ ላይ የሚውሉበት ቦታ አለ፤ በጠጣቸውም ይመሳሰላል። መሬት ላይ የተገኘውን መልቀም አይሆንም። የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ እንስሳው ሲጥል አይቶ ወዲያው ማንሳት አለበት። ቶሎ ካልቀዘቀዘ ባክቴሪያ ይለውጠዋል፤ ዝናብም ያበላሸዋል። እርግዝናው፣ የመራቢያ ወቅቱ፣ የሳሩ ዓይነት፣ ብርዱ ሁሉ መጠኑን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። መለኪያው ለዋልያ መሥራቱም አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ደግነቱ ቅርብ ዘመዱ ፍየል በየደጃችን ስላለች ሙከራውን ከእሷ መጀመር ይቻላል።

ደግሞ ሆርሞኑ ከፍ አለ ማለት እንስሳው ሊጠፋ ነው ማለት አይደለም። አሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ኤልክ በሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ላይ የተሠራ ጥናት በ2002 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። በበረዶ ላይ የሚነዱት ሞተሮች በበዙባቸው ቀናት የአጋዘኖቹ የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ይል ነበር። የመንጋው ቁጥር ግን በዚያ ሰበብ እንደቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ይህን የማነሳው ነገ አንድ ውጤት ይዛችሁ «ዋልያ በጭንቀት ሊያልቅ ነው» የሚል ርዕስ እንዳትሰቅሉ ነው። (አትቀየሙኝ፣ አመላችሁን ስለማውቅ ነው።)

ጥቅሙ ያለው ንጽጽሩ ላይ ነው። ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ በሚባለው ቦታ መኪና በአጠገቡ እያለፈ የሚግጠው መንጋ ከመንገድ ከራቀው ጋር ሲተያይ ምን ይመስላል? ከብት ወደ ፓርኩ በሚገባበት ወርና በማይገባበት ወር መካከልስ ልዩነት አለ? ይህን ካወቅን የትኛውን መንገድ መዝጋት፣ የትኛውን ግጦሽ ለይቶ መተው እንደሚያዋጣ በግምት አንከራከርም። ገበሬውንም ያለማስረጃ አንወቅሰውም። ምናልባት ጥፋቱ የቱሪስቱ ሆኖ ይገኛል፤ ማን ያውቃል።

የሆርሞኑ መለኪያ ኤላይዛ በሚባለው የላቦራቶሪ ዘዴ የሚሠራ ነው። ዘዴው ለአገራችን የእንስሳት ላቦራቶሪዎች አዲስ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ስካውቶቹም ተራራው ላይ ናቸው። የጎደለው ማቀዝቀዣ፣ ትንሽ በጀትና «እንጀምር» የሚል ሰው ነው።

እና አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ኃላፊዎችን ስታነጋግሩ፣ ከቆጠራው ቀጥላችሁ ይህንን ጠይቁልኝ፦ የዋልያ በጠጥ መሰብሰብ የሚጀመረው መቼ ነው? ላቦራቶሪውስ የት ይሆናል?

አክባሪያችሁ፣
የእንስሳት ሐኪም፣ ከደባርቅ