የልጅህ ሰዓት

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አራት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ ቆየሁ። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። እማማ ሲያርፉ ደሴ ድረስ ሄጄ ልቅሶ መድረስ ነበረብኝ። ዘግይቼ ሰማሁ፤ ከሰማሁም በኋላ አልሄድኩም። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር የምለው ይጠፋኛል። ወሩ ሲያልፍ አፈርኩ። ዓመቱ ሲሞላ ደግሞ እፍረቱ ባሰብኝ። በእጃቸው ያጎረሱኝ እናት ናቸው። ይቅር በለኝ።

ባለፈው ሳምንት መልእክትህ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። «ልጁ ተመርቋል፤ ሰዓት ልገዛለት ነው። ባትሪ የሌለው፣ ኪስ የማይጎዳ። አንተ የቱን ትላለህ?» ስለ ሌላው ነገር አንዲት ቃል የለችም። ደጋግሜ አነበብኩት። እኔን መጠየቅህ ምን ያህል እንዳስደሰተኝ ልነግርህ አልችልም።

እና ፎቶዎቹን አየኋቸው። አንዱ አሮጌው ሴኮ ፋይቭ ነው፤ 37 ሚሊ ሜትሩ። ሌላው ያ ትልቁ፣ የሚያብለጨልጨው፣ የዱባይ ዴይራው ባለሱቅ «ውስጡ የጃፓን ማሽን ነው» ያለህ። በዋጋ ተቀራራቢ ናቸው። እኔ ሰዓት ስጠግን የኖርኩበት ልምድ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ። ርካሽ ሰዓት ላይ የሆነ ቦታ ሳይቆጥቡ አይሠሩትም። የት እንደቆጠቡ ነው ማየት ያለብህ።

ሴኮ ፋይቭ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ያለ ሰዓት ነው። የአንተው ዓይነት ለብዙ ዓመታት ከ100 ዶላር በታች ሲሸጥ ኖሯል። እንደ ዕድል አንድ ደንበኛዬ ያመጣው ተመሳሳይ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ትናንት ከምሳ በኋላ መስኮት ዳር ወስጄ በአጉሊ መነጽር ተመለከትኩት። የሰዓት ምልክቶቹ ጠርዝ ንጹሕ ነው። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለሙ የትም አልፈሰሰም። ደቂቃ ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ ሰዓት ቆጣሪው ልክ ምልክቱ ላይ አረፈ። ይህቺን አንተም እዚያው ሱቅ ቆመህ ልታያት ትችላለህ። ቆጣሪዎቹ ካልተገናኙ የገጠማቸው ሰው ቸኩሏል ማለት ነው።

ከዚያ ሰንሰለቱን ያዝኩት። ቀላል ነው፤ ሲነቀንቁት ይንሿሿል። የታጠፈ ቆርቆሮ ስለሆነ ውስጡ ክፍት ነው። እዚህ ጋ ቆጥበዋል። መስታወቱም ላይ እንደዚያው። ሃርድሌክስ ይሉታል፤ ከተራ መስታወት ይጠነክራል፤ ሳፋየር የሚባለውን የውድ ሰዓት መስታወት ግን አያህልም። ግድግዳ ከታከከው ይጫራል። ጀርባውን ከፍተህ ብታየው ደግሞ ማሽኑን አቅፎ የያዘው ቀለበት ፕላስቲክ ነው። ይህን አይተው «ፎርጅድ ነው» ብለው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። አይደለም፤ ኦሪጅናሉም እንዲሁ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ፕላስቲክ መሆኑ ማንንም አይጎዳም።

ማሽኑ ላይ ግን እጃቸው አልሰሰተም። 7ኤስ26 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የተሠራ ነው። በ21 ሰው ሠራሽ ሩቢዎች ላይ ይሽከረከራል። በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታል። በቀን ስታሰላው 518,400 ምት ነው። ይህን ሁሉ እየመታ፣ ለዓመታት ዘይት ሳይቀየርለት ቆይቶ፣ አሁንም የሚሄድ ሰዓት ስንቱ እጄ ላይ መጥቷል! ክንድህን ስታወዛውዝ ከጀርባው ያለችው ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ክብደት ትዞራለች። ወደ ግራም ዞረች ወደ ቀኝ ሞላውን ትሞላለች። ይህን የምታደርገው ሴኮ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣት ማጂክ ሌቨር በምትባል ባለሁለት ክንድ ትንሽ ብረት ነው። አንዷ ክንድ ስትስብ ሌላዋ ትገፋለች። ብዙ ጥርስ፣ ብዙ ውስብስብ ነገር የለም። በጥቂት ዕቃ ብዙ ሥራ መሥራት እንዲህ ነው። እኔ ይህቺን ብረት ባየኋት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ጉድለቱንም ልንገርህ። በጎን ያለችውን መጠምዘዣ ስትስባት ሰከንድ ቆጣሪው አይቆምም፤ ስለዚህ ከሬዲዮ ጋር በሰከንድ አታስተካክለውም። በእጅም አይሞላም። ቆሞ ካገኘኸው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ወዲያ ወዲህ አወዛውዘውና እሰረው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጡት አዲሶቹ ሴኮ ፋይቭ ስፖርትስ ላይ ያለው 4አር36 ማሽን ሁለቱንም ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ልጁ «ሰዓቴ በቀን 15 ሰከንድ ይቀድማል» ካለህ እንዳትደነግጥ። በ86,400 ሰከንድ ውስጥ 15 ሰከንድ ምን አላት? ፋብሪካው ራሱ ለ4አር36 በቀን እስከ 45 ሰከንድ መቅደምን፣ እስከ 35 ሰከንድ መዘግየትን እንደ ጤና ነው የሚቆጥረው። ማታ ሲያወልቀው በጀርባው ቢያስተኛውና በጎኑ ቢያቆመው አካሄዱ ይለያያል። ጥቂት ሌሊት ይሞክረውና የሚስማማውን ያገኛል።

አንድ ነገር አደራ። ቆጣሪዎቹ በ9 እና በ4 መካከል እያሉ፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ቀኑን በመጠምዘዣው እንዳይቀይር። በዚያ ሰዓት ቀን የሚገፉት ጥርሶች ተያይዘዋል፤ በግድ ስታዞራቸው ይሰበራሉ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ከሞላው ደግሞ ቀኑ ንጋት ወይም ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይለወጥበታል፤ ስለዚህ እንደ ፈረንጅ ሞልቶ በእኛ ያንብበው። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ቀኑን ግን በእኛው ይይዙ ነበር። ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ 31 በታየች ቁጥር አንድ ጊዜ ወደፊት ያሳልፏታል። መስከረም 1 ጠዋት ግን ሥራ ነበረባቸው። ጳጉሜን 5 ሆና ካለፈች ሰዓቱ 6 ይላል፤ ወደ 1 ለመመለስ 26 ጊዜ ማዞር ነው። አደይ አበባ ጉዝጓዙ ላይ ሆኖ፣ እሳቸው ቀስ እያሉ ሲቆጥሩ ይታየኛል። ጥሩ የተሠራ መጠምዘዣ የሚታወቀውም እንዲህ ሲሠራበት ነው። እያንዳንዷ ቀን «ጠቅ» ብላ ትገባለች፤ ጣትህ ላይ ትሰማታለህ። ዘንጓ የምትወዛወዝ፣ ቀኗ ግማሽ ሆና መስኮቷ መሀል የምትቀር ከሆነች ተዋት።

አንተ ጋ የሚሸጠው ሴኮ ፋይቭ ብዙ ጊዜ የቀኑ ስም በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። ዓረብኛ ሆኖ ብታየው ችግር የለም፤ እያዞርክ እንግሊዝኛው ላይ ታቆመዋለህ።

ፎርጅድ እንዳይሆን ደግሞ ጀርባውን አንብብ። ከቁጥሮቹ አንዱ በማሽኑ ስም ይጀምራል። ፊቱ ላይ ከ6 ቁጥር በታች፣ በጣም ደቃቃ ሆና የተጻፈች ቁጥር አለች። እሷም በዚያው ማሽን ስም መጀመር አለባት። ካልተመሳሰሉ ፊቱ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው። በባለ 6 አኃዙ መለያ ቁጥር ላይ የመጀመሪያው የተሠራበት ዓመት መጨረሻ አኃዝ ነው፤ ሁለተኛው ወሩ ነው። ባለሱቁ «አዲስ ነው» ሲል እሷን ተመልከታት። በጀርባው ዙሪያ መፍቻ ያንሸራተተው ጭረት ካለም ሰው ከፍቶታል ማለት ነው።

ወደ ትልቁ ሰዓት እንመለስ። «ሚዮታ 8215 ነው ያለው» ብለሃል። 8215 ራሱ ጥሩ የጃፓን ማሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ጠንካራ። የሚሞላው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ በሌላው በኩል ክብደቷ ስትፈተለክ ድምፅ ታሰማለች። ሰከንድ ቆጣሪውም አልፎ አልፎ ቆም ብሎ ዘለል ይላል። ሁለቱም ብልሽት አይደሉም። ግን ፎቶውን ላጉላው ብዬ ሳየው ልቤ ቀዘቀዘ። 8215 ሦስት ቆጣሪና ቀን ብቻ ነው ያለው። ታዲያ ፊቱ ላይ ያሉት እነዚያ ሦስት ትንንሽ ክቦች በምን ይዞራሉ? ወይ ለጌጥ የተሳሉ ናቸው፤ ወይ ማሽኑ የተባለው አይደለም። እነዚያን ክቦች ለመሳል ገንዘብ አውጥተዋል፤ ያ ገንዘብ ከሌላ ቦታ ነው የተነሣው። ሰንሰለት ላይ የቆጠበን እረዳለሁ። ሰንሰለት ይቀየራል። በማያየው ቦታ ያለውን ለማያውቅ ልጅ ግን ይህን አትግዛለት።

ሴኮውን ግዛው። ወንድምዓለም፣ ያለምንም ጥርጥር። ውኃ ግን አደራ፤ 30 ሜትር የሚለው ለዝናብና ለእጅ መታጠቢያ እንጂ ለዋና አይደለም።

ፒያሳ የነበረችው ቦታዬ ተነሥታለች፤ አሁን መገናኛ ነኝ። ስልኬ ያው ነው። ሰዓቱን ስትልክለት ሰንሰለቱን እዚያ አታሳጥረው። ልጁ ራሱ ይምጣ፤ በእጁ ልክ እኔ አስተካክልለታለሁ። የሚወጡትን ቁርጥራጮች በወረቀት ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ፤ እጁ ወፈር ሲል ይፈልጋቸዋል። 18 ሚሊ ሜትር የቆዳ ማሰሪያም አስቀምጬለታለሁ፤ እሱ ከእኔ ነው።

ለእማማ ሙት ዓመት ደሴ እወርዳለሁ። ልጁ ፈቃደኛ ከሆነ አብረን እንሄዳለን። መቃብራቸው የትኛው በኩል እንደሆነ ጻፍልኝ።

ወንድምህ