ስለ ዱባው ድግስ ለእማዬ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «የአጋንንት ድግስ ልትደግሺ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ድምፅሽ ውስጥ የሰማሁት ስጋት ስላሳሰበኝ፣ ዓርብ ማታ በጓሯችን ያበላሁትንና ያጠጣሁትን አንድም ሳላስቀር ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ።

ሃሎዊን የሚለው ስም በእኛ አነጋገር «የቅዱሳን ዋዜማ» ማለት ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ቀን ስለሚያከብር ዋዜማው ኦክቶበር 31 ይውላል፤ የአየርላንድ ሰዎች ደግሞ ከክርስትና በፊት ጀምሮ በዚያው ሰሞን፣ አዝመራው ተሰብስቦ የብርዱ ወራት ሲገባ፣ ሳዊን የሚባል በዓል ስለነበራቸው የመናፍስቱ ነገር ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ግን ልጆቹ ከረጢት ይዘው ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ቡሄ ነው፤ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆች ደጃችን ላይ ሲደርሱ አንቺ ከሌማቱ ሙልሙል እያነሣሽ ስትሰጫቸው ይታየኛል። ስለዚህ ለእንግዶቼ የመጀመሪያው ሥራዬ ሙልሙል መጋገር ሆነ።

ዘንድሮ ቀኑ ጥቅምት 21 የእመቤታችን ዕለት፣ ደግሞም ዓርብ ስለነበረ ድግሱ በሙሉ የጾም ነበር። እዚህ በዚህ ሰሞን የሚወደደው ካራሜል በሚሉት የስኳር ቅልጥ የተነከረ ፖም ቅቤና ክሬም ስላለበት ተውሁት። የተቆረጠ ጣት ወይም የወጣ ዓይን አስመስለው ብስኩት የሚጋግሩም አሉ፤ ምግብ የሚያስጠላ መልክ ይዞ ሲቀርብ ማየት ግን ስለማልወድ ከእኔ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ዋናው ምግብ ዱባ ነበር። አየርላንዳውያን ድሮ ፊት የሚቀርጹት ተርኒፕ በሚባል ሥር ላይ ነበር፤ ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ግን ከዚያ የሚተልቅና ለመፈልፈል የሚቀል ዱባ አገኙ። አሁን ሰዉ ዓይንና አፍ አውጥቶለት፣ ውስጡ ሻማ አብርቶ፣ ከሳምንት በኋላ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። በአጥራችን ላይ የሚወጣውን የዱባ ሐረግ ስትንከባከቢ፣ ፍሬውን ሳይቀር አጥበሽ ስታሰጪ እያየሁ ላደግሁት ለእኔ ይህን ማየት እስካሁን ይከብደኛል። ለመቅረጽ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ውሃ የበዛበትና ክር ክር የሚል ስለሆነ ለወጥ አይሆንም፤ ፍሬው ግን ግሩም ነው። የጎረቤቶቼን ዱባ ውስጥ ሁሉ ለምኜ ሰበሰብሁ። በማንኪያ ስፍቀው ብርቱካናማው ክር ጣቴ ላይ እየተጠመጠመ አስቸገረኝ፤ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ ጨምሬ ሳሸው ግን ፍሬው እየለቀቀ ወደ ላይ ተንሳፈፈልኝ። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ካደረ በኋላ ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ ነስንሼ በብረት ምጣድ ላይ እስኪንጣጣ ቆላሁት። አንዱ የጎረቤት ልጅ ኦቾሎኒ ስለማይስማማው ከቆሎው ጋር ኦቾሎኒ አልቀላቀልሁም።

ለወጡ የገዛሁት በተርነት የሚሉትን፣ አንገቱ ረዘም ያለውንና ቅል የሚመስለውን ነው፤ ሥጋው ጥብቅና ጣፋጭ ስለሆነ ከእኛ አገር ዱባ ጋር በጣም ይቀራረባል። ሽንኩርቱን አንቺ እንዳስተማርሽኝ ያለ ዘይት አቁላልቼ፣ በርበሬውን አብስዬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሬ ሠራሁት። ትንንሽ ክብ ዱባዎችም ገዝቼ ክዳናቸውን ቆርጬ ውስጣቸውን ካጸዳሁ በኋላ በኦቨን አሙቄ ወጡን በእነሱ ውስጥ ጨለፍሁት፤ እያንዳንዱ እንግዳ ክዳኑን ሲያነሣ እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ይወጣ ነበር። አምና ድስቱን እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞብኝ በጣም አዝኜ ነበር። እዚህ አገር ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ፣ ያለ ማሞቂያም ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ ይመክራሉ፤ ዘንድሮ የኤሌክትሪክ ገመድ እስከ ጓሮው ዘርግቼ በኤሌክትሪክ ድስት ላይ አቆየሁት።

በትልቅ የጥቁር ጤፍ እንጀራ ላይ ደግሞ በቀጭኑ ስልጆ እያፈሰስሁ የሸረሪት ድር ሣልሁበት። ለልጆች የተላጠ መንደሪን መሐሉ ላይ አረንጓዴ ግንድ ሰክቼ ዱባ አስመሰልሁላቸው፤ ፈንዲሻም ነበር።

መጠጡን በተመለከተ፣ ሳይደር የሚሉት ያልተጣራ የፖም ጭማቂ ነው፤ እዚህ በዚህ ስም የሚሸጠው አብዛኛው አልኮል ስለሌለበት አትስጊ። ተሕዋስያን እንዳይኖሩበት በሙቀት የታከመውን መርጬ ገዛሁና ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ጨምሬ አፈላሁት፤ ሽታው ልክ የቤታችን ሻይ ስለነበረ ትንሿ ልጄ «የአያቴ ሻይ ነው» አለች። ቀዝቃዛው መጠጥ በቀይ ስር የቀላ የሎሚ ጭማቂ ነበር። ከእሱ ላይ ጭስ እንዲወጣ ደረቅ በረዶ የሚባለውን ነገር ተጠቀምሁ፤ ይህ ቀዝቅዞ የጠጠረ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሲሆን ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሚደርስ ቆዳን ያቃጥላል፣ ከተዋጠም ክፉ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ልጆቹ በሚጠጡት ውስጥ ፈጽሞ አልጨመርሁትም፤ የመጠጡን ጎድጓዳ ሳህን በሌላ ሰፊ ሳህን ውስጥ አስቀምጬ፣ በረዶውን በጓንት ይዤ በሁለቱ መካከል ካደረግሁ በኋላ ሞቅ ያለ ውሃ አፈሰስሁበት። ነጩ ጭስ በጠርዙ ፈሶ በጠረጴዛው ልብስ ላይ ሲሳብ ልጆቹ ጸጥ ብለው ተመለከቱ።

ከመንገድ ለሚመጡት ልጆች ወላጆች ከማያውቁት ቤት ያልታሸገ ምግብ ስለማይቀበሉ የፋብሪካ ከረሜላ አዘጋጀሁ። አንዳንድ ምግብ ለማይስማማቸውም በከረሜላው ፈንታ እርሳስና ተለጣፊ ሥዕል አስቀመጥሁ፤ የዚህ ምልክቱ ደጅ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቀለም የተቀባ ዱባ ነው። የእኛ ልጆች ያገኙትን ቸኮሌት በእጄ ሰጥተውኝ ቅዳሜ በሉት።

ከጎናችን ያለችው አሮጊት ዱባዋን ከመጣል ይልቅ እንድታበስለው የወጡን አሠራር በጽሑፍ እንድሰጣት ለምናኛለች፤ እኔ ግን የተማርሁት ከእጅሽ ግምት ስለሆነ በማንኪያ ስንት እንደሆነ ልነግራት አልቻልሁም። እባክሽ በሚቀጥለው እሑድ ስንደውል ድስቱን ጥደሽ ጠብቂኝና በርበሬውን ከመጨመርሽ በፊት በስኒ እየሰፈርሽ ንገሪኝ፤ እኔ ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ