ለእማዬ፣ ከሂካዱዋ

እማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስሪላንካ ከመጣን ዛሬ አምስተኛ ቀናችን ነው። ያቺ ዱባይ አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ አገር ነው፤ "ሳላሳይሽማ አይሆንም" እያለች ስንት ዓመት ስትወተውተኝ ኖራ ተሳካላት። ከኮሎምቦ በባቡር መጣን። ሐዲዱ ባሕሩን ታክኮ ነው የሚሄደው። የባቡሩ በር አይዘጋም፤ ወጣቶቹ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን እያንጠለጠሉ ይሄዳሉ። እኔ ልጆቹን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው የደረስኩት።

ያለንባት ከተማ ሂካዱዋ ትባላለች። ትልልቅ የባሕር ኤሊዎች ዳር ድረስ እየመጡ ሣር ይበላሉ። ትንሿ አንዱን አጠገቧ ስታየው ድምጿ ጠፋ። ከዚያ "ለአያቴ ቪዲዮ ላኪላት" አለችኝ። ልኬዋለሁ፣ አይተሽዋል? ትልቁ ልጄ ደግሞ ብርቱካናማ ቅርፊት ያለው ኮኮናት በቀን ሦስት ይጠጣል። ፊቱ ጠቁሯል። ቁመቱ እኔን ሊያልፈኝ ነው።

ትናንት ጓደኛዬ ፔራሊያ ወሰደችን፣ ቅርብ ነው። ረጅም የቡድሃ ሐውልት ውኃ መሐል ቆሟል፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997፣ ቁልቢ ገብርኤል ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሱናሚው እዚህ ቦታ ላይ ባቡሩን ከነተሳፋሪው ገለበጠው። ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። እኛ በመጣንበት ሐዲድ ላይ! ብዙዎቹ ማንነታቸው ሳይለይ በጅምላ ተቀበሩ። የጓደኛዬ አክስት እዚያ ባቡር ውስጥ ነበረች። አያቷ እስክትሞት ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትል ነበር አለችኝ።

እነሱ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። የእኔን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

እማዬ፣ እንዳትቆጪ። አባዬ ሲሞት አምስት ወር ደበቃችሁኝ። ስደውል "ተኝቷል"፣ "ቤተ ክርስቲያን ሄዷል" ትሉኝ ነበር። ያን ሰማያዊ ሹራብ ስልክለት "ልክ ሆነለት፣ ደስ ብሎታል" አልሽኝ። አንቺው ራስሽ። ለእኔ አዝነሽ ነው፣ በሰው አገር ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች ብለሽ። አውቃለሁ። ግን ሹራቡን ለመምረጥ ከሱቅ ሱቅ ግማሽ ቀን ነው የዞርኩት። ግራጫው ያስረጀዋል ብዬ ነው ሰማያዊውን ያነሣሁት። እሱ ከተቀበረ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ይህን ዛሬ ለምን አነሣሁ? ቤተ መቅደሳቸው ሲገባ ጫማ ይወለቃል፣ እንደኛው። ሴቶቹ ነጭ ለብሰው አበባ ይዘው ይገባሉ፤ አንቺን የማይ መሰለኝ። ድንጋዩ በፀሐይ ግሎ ስለነበር ሁለት እርምጃ ሄጄ ዘልዬ ጥላ ውስጥ ገባሁ። ያኔ እግርሽ ትዝ አለኝ። አንቺ እኮ እንዲህ ያለ ድንጋይ ብትረግጪ አይሰማሽም። ስኳሩ እግርሽን እንዳደነዘዘው እህቴ ነግራኛለች። እባክሽ ቅዳሴ ስትሄጂ ካልሲ አድርጊ። እዚህም እንግዳው በካልሲ ይገባል፣ ማንም ክፉ አይናገረውም። ቤት ውስጥም በባዶ እግርሽ አትሂጂ። ኢንሱሊኑ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን እንጂ በረዶ ቤቱ ውስጥ እንዳይገባ፣ ከበረደ ይበላሻል።

ባለፈው ካሜራውን ወደ እግርሽ አዙሪው ስልሽ "ኔትወርኩ እምቢ አለ" አልሽ። ፊትሽ ግን ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። በረንዳው ላይ፣ ብርሃን ባለበት ቁጭ በይ። ፋሻውን ፈትተሽ አሳዪኝ።

ልጅሽ