ብሬክንሪጅ ወይስ ዊንተር ፓርክ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፈተናሽን እንደጨረስሽ ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር መጥተሽ ቤተሰቡን በሙሉ ለሦስት ቀን ወደ በረዶው ተራራ ልትወስጂን ማሰብሽን ስነግራት እናትሽ እጅግ ደስ አላት። እዚህ ኮሎራዶ ካሉት የበረዶ ሸርተቴ ስፍራዎች ብሬክንሪጅ ይሻላል ወይስ ዊንተር ፓርክ ብለሽ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ ግን በስልክ አንድ ቃል ብቻ መልሼ ልተወው አልወደድሁም። ራሴ አንድ ቀን እንኳ በረዶ ላይ በሚንሸራተቱበት ስኪ ላይ ቆሜ ባላውቅም፣ አሥራ አንድ የበረዶ ወቅት ሙሉ ከአየር ማረፊያው ወደ ተራሮቹ መንገደኛ ያመላለስሁ ሰው ነኝና የማውቀውን በጽሑፍ ላስቀምጥልሽ።

ብሬክንሪጅ የሚያምር ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 በወርቅ ፍለጋው ዘመን የተቆረቆረ በመሆኑ፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ባለቀለም የእንጨት ቤቶች ማታ መብራት በርቶባቸው በረዶ ሲያርፍባቸው፣ መንገደኞቼን ካወረድሁ በኋላ እንኳ ቶሎ መመለስ አቅቶኝ ቆሜ አያቸው ነበር። ተራራውም ሰፊ ነው፤ ከስድስት እስከ አሥር ቁጥር የተሰጣቸው አምስት ጫፎች አሉት። ጓደኞችሽ ወደዚያ ማዘንበላቸው አይገርመኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። የምትመጡባት ሂዩስተን ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ ብሬክንሪጅ ግን ከተማው ራሱ 2,926 ሜትር ላይ ነው። ኢምፔሪያል የሚባለው ሊፍት ደግሞ ሰውን ወንበር ላይ እንዳስቀመጠ 3,914 ሜትር ድረስ ያወጣል፤ በሰሜን አሜሪካ ከእርሱ በላይ የሚደርስ የወንበር ሊፍት የለም። የከፍታ ሕመምን ይበልጥ የሚያመጣው ደግሞ ቀን የወጡበት ሳይሆን ሌሊት የተኙበት ከፍታ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነ ብርድ ከብት ጠብቄ ያደግሁ ሰው፣ ዴንቨር ብዙ ዓመት ከኖርሁ በኋላ በረዶ መንገድ ዘግቶብኝ ብሬክንሪጅ ያደርሁባትን የመጀመሪያ ሌሊት ራሴን ሲፈልጠኝ፣ ልቤ ሲመታ፣ ዐይኔን ሳልከድን ነው ያነጋሁት። ከቆላ የመጡ መንገደኞቼ በማግስቱ የተከራዩትን ስኪ ሳይነኩ አልጋ ላይ ሲውሉም አይቻለሁ።

የዊንተር ፓርክ ግርጌ 2,743 ሜትር ነው፤ ልዩነቱ 200 ሜትር እንኳ አይሞላም ትይኝ ይሆናል። ትክክል ነሽ። ልዩነቱን የሚያመጣው ባቡሩ ነው። በበረዶው ወራት በተመረጡ ቀናት ጠዋት ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተውን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የሞፋት ዋሻ አቋርጦ፣ ከጨለማው ብቅ ሲል ስኪው ስፍራ ግርጌ ላይ ነው የሚቆመው። ማታ እዚያው ተሳፍራችሁ ትመለሳላችሁ፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሁሉ እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ፣ በገዛ ቤታችሁ ነው የምታድሩት። ወሩ የነቢያት ጾም ስለሆነ የጾም ምግብ ፍለጋ አትንከራተቱም፤ ለማደሪያ የሚወጣው ገንዘብም ይቀራል። ይሁንና የሊፍቱን ቲኬት አስቀድመሽ ግዢ፤ በበዓል ሰሞን በዕለቱ እመስኮት ላይ የሚገዛ ሰው በሁለቱም ስፍራ ለአንድ ቀን ከ200 ዶላር በላይ ይጠየቃል።

መንገዱን አንቺ እንድትነጂው አልፈልግም። ወደ ብሬክንሪጅ ስትሄጂ 3,400 ሜትር ላይ ባለው በአይዘንሃወር ዋሻ ነው የሚታለፈው። አንድ ሌሊት ከዋሻው በታች፣ ንፋሱ በረዶውን ፊቴ ላይ እየበተነው፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ጎማው ላይ ሰንሰለት ሳስር ጣቶቼ ደንዝዘው መቆለፊያውን መያዝ አቅቶኝ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ወርዶ አሰረልኝ። ወደ ዊንተር ፓርክም በመኪና ከሆነ በርቱድ የሚባል የተራራ መተላለፊያ አለ፤ እንዲያውም ጠመዝማዛነቱ ይብሳል። በባቡር የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የዛሬ አራት ዓመት አንድ ስፍራ አብረን የሄድን ጊዜ፣ ወንድምሽ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ እመስኮቱ ሥር ቀኑን ሙሉ የሰው ጃኬት ሲጠብቅ መዋሉን ታስታውሻለሽ። እንዲህ ያለ ልጅ ሊማር ይችላል ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ዊንተር ፓርክ ግን እ.ኤ.አ. በ1970 ከዴንቨር የሕፃናት ሆስፒታል የመጡ፣ እጅ ወይም እግራቸውን ያጡ 23 ልጆችን በማስተማር የጀመረ የአካል ጉዳተኞች የስፖርት ማእከል አለው። ብሬክንሪጅም ተመሳሳይ ትምህርት ስለሚሰጥ በዚህ አላበላልጣቸውም። ነገር ግን ዊንተር ፓርክ መንገደኛ ስጠብቅ በዐይኔ ያየሁት አለ። የወንድምሽን ዕድሜ የሚያህል ልጅ፣ ከሥሩ ሁለት ስኪ በተገጠመለት መቀመጫ ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ በሁለት እጁ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ስኪ ያላቸውን አጫጭር ምርኩዞች ይዞ፣ አስተማሪው ከኋላው በገመድ እየገታው ቁልቁለቱን ወረደ። ከታች ሲደርስ በረዶው ቅንድቡ ላይ ተጋግሮ ነበር፤ እናቱን “እንደገና!” አላት።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ዊንተር ፓርክ ነው፤ ሦስት ቀን ከማደር ሁለት ቀን በባቡር ደርሶ መልስ። ከሂዩስተን እንደመጣችሁም ሁለት ሌሊት ቤት እደሩና ውኃ እየጠጣችሁ ሰውነታችሁ አየሩን ይልመድ። የወንድምሽ ትምህርት አስቀድሞ የሚያዝ ስለሆነና ቁመቱንና ክብደቱን ስለሚጠይቁ፣ ባቡሩ የሚሄድባቸውን ቀናት አይተሽ ለጓደኞችሽ የሚመቸውን እስከ እሑድ አሳውቂኝ። ለእርሱ ገና አልነገርሁትም። ከአንቺ አፍ ቢሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

አባትሽ